የ207 ቁልፍ፦ ደሴ ላይ ከሆቴል ክፍል የጠፋ ሌንስ

ሰኞ ረፋድ ላይ ባቲ ገበያ ዳር መኪናውን አቁመን የካሜራ ቦርሳዬን ከፈትኩ። የሌንሱ ከረጢት ቦታው ላይ አለ። የፊት ክዳኑም አለ። ሌንሱ ግን የለም።

«መኪና ውስጥ ይሆናል» አልኩ። ረዳቴም «አዎ፣ መኪና ውስጥ ነው» አለ። ሾፌሩ ወንበር አነሳ፣ ምንጣፍ ገለበጠ፣ የመለዋወጫ ጎማው ሥር ሳይቀር አየ። ከዚያ ሦስታችንም ዝም አልን። ፊት ለፊታችን ግመሎች በረድፍ ቆመዋል። ባቲ ሰኞ ሰኞ የሚቆም ትልቅ ገበያ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ከቆላም ከደጋም መጥቶ የሚገናኝበት ነው። ለዚያ ሌንስ የተፈጠረ ቀን ነበር።

የጠፋው 70-200 የምንለው ረጅም ነጭ ሌንስ ነው። ሠርግ ላይ ያየው ሰው ሁሉ «ይሄ መድፍ ነው እንዴ?» የሚለው ዓይነት። ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህላል፤ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ዋጋው ከአንድ ዓመት የቤት ኪራዬ ይበልጣል። ከሁሉ የከፋው ግን የእኔ አለመሆኑ ነው። አዲስ አበባ ካለ አከራይ፣ አጎቴን ዋስ ጠርቼ፣ በቀን ሒሳብ የወሰድኩት ነው።

ጉዳዩን እንዳለ ለመጻፍ የተነሳሁበት ምክንያት አለኝ። ስለ ሆቴል ስርቆት ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ በር ነው። በእኛ ጉዳይ በሩ አልተሰበረም። ቁልፉም አልተሰረቀም። ቁልፉ በእጅ፣ በፈገግታ ተሰጠ። በዚህ መሀል አንዲት ምንም የማታውቅ ሴት ሌባ ተባለች። መጀመሪያ «እሷ ናት» ያልኩት እኔ ነኝ።

አርብ

ሥራው የጥር ሠርግ ነው። እኔ፣ ረዳቴ፣ ቪዲዮ የሚቀርጸው ጓደኛችንና ሾፌሩ ሆነን ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሳን። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በርን አልፈን፣ ኬሚሴ ምሳ በልተን፣ ኮምቦልቻ ሙቀቱን ቀምሰን ሐረጎን ስንወጣ መሽቷል። ደሴ እንደ ልማዷ በብርድ ተቀበለችን። ሠርገኞቹ የያዙልን ሆቴል ከፒያሳ ብዙ አይርቅም። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አልነበረምና።

207 የእኔና የረዳቴ ክፍል ሆነ። ዕቃው ሁሉ እዚያ ገባ። ቁልፉ ተራ የብረት ቁልፍ ሲሆን የእጅ መዳፍ የሚያክል እንጨት ተንጠልጥሎበታል። እንጨቱ ላይ 207 የሚል ተቀርጿል። ይህን እንጨት ኪስ ውስጥ ከትቶ መዞር አይቻልም። የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ እንግዳው ሲወጣ ሪሴፕሽን ላይ ጥሎት እንዲሄድ። እኛም ለአራት ቀን የቀረ ጊዜ ሳይኖር እየጣልነው ሄድን።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሴፍ ቦክስ አለ። ስሞክረው አልከፈት አለኝ፤ የበፊቱ እንግዳ በራሱ ቁጥር ዘግቶት ሄዷል። ሪሴፕሽን ደወልኩ። አንድ ልጅ መጣ። ዓይኔ እያየ የሆነ ቁጥር ነካካ፣ ተከፈተ። አሥር ሰከንድ አልፈጀበትም። «ለሁሉም ክፍል አንድ ነው» አለኝ በኩራት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የሆቴል ሴፍ ቦክስ አብዛኛውን ጊዜ እንግዳው የሚሰጠው ቁጥር አለው፤ ሆቴሉ ደግሞ እንግዳው ቁጥሩን ቢረሳ የሚከፍትበት ዋና ቁጥር ወይም ዋና ቁልፍ አለው። ያለዚያ ሆቴሉ በየሳምንቱ ሣጥን ሲሰብር ይኖር ነበር። ችግሩ ዋናው ቁጥር ከፋብሪካ እንደመጣ ሳይቀየር የሚቀርበት ቦታ ብዙ መሆኑ ነው። ሌላም ነገር አየሁ። ሣጥኑን በሁለት እጄ ሳነሳው ተነሳ። ከግድግዳውም ከመደርደሪያውም ጋር በብሎን አልታሰረም። ያልታሰረ ሴፍ ቦክስ ማለት ለሌባ እጀታ ያለው ሻንጣ ነው።

ስለዚህ ሣጥኑን ናቅኩት። መናቄ ልክ ነበር። በምትኩ ምንም አለማድረጌ ነው ስህተቱ።

ያን ማታ ዕቃውን በሙሉ አልጋ ላይ ዘረጋነው። ሁለት የካሜራ ቦዲ፣ አራት ሌንስ፣ ሦስት ፍላሽ፣ ባትሪ በባትሪ። ክፍሉ ያለው የሚሠራ ሶኬት አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛውን ቻርጀር ኮሪደሩ ላይ ሰክተን ገመዱን በበሩ ሥር ሳብነው። በሩ ገርበብ ብሎ አመሸ። ቡና ያመጣችልን ልጅ አየች። አምፖል ሊቀይር የመጣው አየ። ከጎን ክፍል ያሉት ሠርገኞች «ኧረ ወላሂ፣ ይሄ ሁሉ ለአንድ ሠርግ ነው?» እያሉ ገብተው አዩ። ረዳቴ ደግሞ ከላይ ፎቶ አንስቶ «ደሴ ገብተናል» ብሎ ለቀቀው። ከአልጋው ኋላ የሆቴሉ መጋረጃ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን መጋረጃ ደሴ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ግማሹ ሠርግ እዚያ ነው የሚያርፈው።

ቅዳሜ

ሠርጉ ሸጋ ነበር። እንደ ወሎ ወጉ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ድግሱ ለየብቻ ተሰናድቷል፤ ጭፈራው ግን አንድ ላይ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ጥቁር ኮፍያ ያደረገ አንድ ልጅ ከጎናችን አልጠፋም። የፍላሽ ስታንድ ያዘልን። ሰው ገፋልን። ውሃ አመጣልን። እኛ የሙሽራው ዘመድ መሰለን። የሙሽራው ዘመዶች የእኛ ሰው መሰላቸው።

ልጁ ሌንሱን እያየ ረዳቴን ጠየቀው። «ይሄ ስንት ይሆናል?» ረዳቴ ነገረው። «የት ነው ያረፋችሁት?» ይህንንም ነገረው። ወጣት ነው፣ በሥራው ይኮራል፤ አልፈርድበትም። እኔም በእሱ ዕድሜ ብሆን የክፍሉን ቁጥር ጨምሬ እነግረው ነበር። ለካ እሱም ጨምሮ ነግሮታል።

እሑድ

እሑድ ጠዋት ሙሽሮቹን ሐይቅ ወስደን ማንሳት ነበረብን። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ ዳር ሲሆን ረጅሙ ሌንስ አያስፈልገኝም፤ ከብዶኝም ነበር። ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ቦርሳው ውስጥ፣ ቦርሳውን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ። እንዲህ ነው የደበቅኩት። ማንኛውም ሌባ ብርድ ልብስ ያነሳል። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ ዛሬ ላይ መቼም ማስተባበል አልችልም።

ከጠዋቱ 2:30 ገደማ ሦስታችን ከክፍሉ ወጣን። ሾፌሩ ታች ይጠብቃል። ቁልፉ ሪሴፕሽን ቀረ። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ እኛ ከሐይቅ ስንመለስ ረዳቴ ብቻውን ወደ ክፍሉ ወጥቶ ባትሪ ይዞ ወረደ። ሌንሱ ያኔ ነበር፤ ከረጢቱን አንስቶ ከሥሩ ነው ባትሪ ያወጣው። ከዚያ ሁላችንም ወደ መልሱ ሄድን። ማታ 3 ሰዓት ተመለስን። እኔ ደክሞኛል። ቦርሳውን ከቁም ሳጥን አውጥቼ፣ ዚፑን እንኳ ሳልነካ፣ ለነገው ጉዞ በር ሥር አስቀመጥኩት።

ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ባቲ ወረድን። ቪዲዮ የሚቀርጸው ጓደኛችን በዚያው ሌሊት በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ባቲም ስንደርስ ቦርሳውን ወዲያው አልከፈትኩም። ከደሴ ብርድ ወደ ቆላ የወረደ መስታወት እርጥበት ያለው ሞቃት አየር ሲያገኝ ላብ ይሠራበታል፤ ስለዚህ ቦርሳውን ዘግቼ ግማሽ ሰዓት የማቆየት ልማድ አለኝ። እንግዲህ ቁጠሩት። ከእሑድ 7 ሰዓት እስከ ሰኞ ረፋድ ድረስ ያን ሌንስ ያየው ሰው የለም።

«9:20»

ከባቲ ሆነን ሆቴሉ ጋ ደወልን። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። «አብሽር፣ ካሜራ አለን፣ አሁኑኑ እናያለን» አሉኝ። ደሴ ስንገባ አይተው ጠብቀውናል። ፊታቸው ጠቁሯል።

የኮሪደሩ ካሜራ ሁሌ አይቀርጽም፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚቀርጸው። ስለዚህ መዝጋቢው ላይ የእሑድ ዝርዝር አለ። ማታ ከመመለሳችን በፊት የእኛን በር የሚመለከቱት አራት ብቻ ናቸው፦ 8:31፣ 9:20፣ 1:04፣ 4:10።

ሌንሱ የጠፋው ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ነው። ሥራ አስኪያጁ 8:31ን ከፈቱ፤ ሰዎች ከክፍሉ ሲወጡ ይታያል። «እናንተ ናችሁ፤ ከምሳ በኋላ ስትወጡ» አሉ። ከዚያ 9:20ን ከፈቱ። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ መጣች። በሩን ከፍታ ገባች። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታ ወጣች። ክንዷ ላይ የተጠቀለለ አንሶላ አለ።

ጽዳት የሚሠራው ጠዋት ነው። ከቀኑ 9:20 ላይ ምን ትሠራለች? አንሶላውስ ለምን እንዲያ ወፈረ? ሁላችንም አየን። «እሷ ናት» አልኩ።

ቀጥሎ የሆነውን በዝርዝር መጻፍ ያሳፍረኛል። ተጠራች። አላውቅም አለች። ሪሴፕሽኑ ፊት ቦርሳዋ ተዘረገፈ። ዳቦ፣ ሻሽ፣ የልጅ ደብተር። ልብስ የምትቀይርበት ሣጥን ተፈተሸ። «ነገ አትምጪ» ተባለች። እሷ አላለቀሰችም። «ጠዋት ነው የሠራሁት፣ እናንተ ስትወጡ ነው የሠራሁት» ብቻ ነው የምትለው። ማንም አልሰማትም። እኔ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ።

መሀል ላይ ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብለው «ዛሬ ሌሊት የሄደው ጓደኛችሁስ?» ብለውኝ ነበር። ደወልኩለት። ሳልጠይቀው ገባው። መንገድ ዳር ቆሞ በቪዲዮ ቦርሳውን ገልብጦ አሳየኝና ስልኩን ዘጋው። ሁለት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው። እስከ ዛሬ ያቺን ቀን ያነሳብኛል።

ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማክሰኞ ጠዋት ወርጄ ዘበኛውን «አባባ፣ እስቲ ያንን ደግመው ያሳዩኝ» አልኳቸው። 8:31ን ከፈቱልኝ። ሦስት ሰዎች ከ207 ይወጣሉ። አንዱ እኔ ነኝ። ትከሻዬ ላይ ትራይፖድ አለ። ከኋላዬ ረዳቴ፣ ከእሱ ኋላ ቪዲዮ ቀራጩ።

ልቤ ቀጥ አለ። እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ክፍሉ የመጣው ረዳቴ ብቻ ነው። ሦስታችን አብረን የወጣነው አንዴ ብቻ ነው፤ ጠዋት 2:30 ገደማ።

መዝጋቢው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነበር። ጠዋትና ከሰዓትን የምትለየዋ ፊደል በስክሪኑ ጠርዝ ተቆርጣ ጠፍታለች። 8:31 ማለት የእኛ ጠዋት 2:31 ነው። 9:20 ማለት ጠዋት 3:20 ነው። ሴትዮዋ የገባችው በጽዳት ሰዓቷ፣ ረዳቴ ሌንሱን ለመጨረሻ ጊዜ ከማየቱ አራት ሰዓት ገደማ ቀድማ ነው። የያዘችው አንሶላ ነው። ልክ እንዳለችው።

ቀሪዎቹን ሁለቱን ከፈትናቸው። ሥራ አስኪያጁ ሴትዮዋን ካዩ በኋላ የማታ 1 ሰዓትና 4 ሰዓት መስለዋቸው አልፈዋቸዋል። 1:04 ከቀኑ 7:04 ነው፤ ረዳቴ ለባትሪ ሲመጣ። 4:10 ከቀኑ 10:10 ነው። ጥቁር ኮፍያ ያደረገ ልጅ ባዶ ቦርሳ አንግቶ ይመጣል። አይቸኩልም። ከኪሱ ሳይሆን ከእጁ፣ ትልቅ እንጨት የተንጠለጠለበትን ቁልፍ አንስቶ በሩን ይከፍታል።

ቁልፉን ማን ሰጠው

የሪሴፕሽኑ ልጅ አልካደም። «ከካሜራዎቹ ጋር ነኝ፣ ባትሪ አምጣ ብለውኝ ነው አለኝ» አለ። ደግሞ እውነት ይመስላል። ከዚያ ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ሌላ ወጣት መጥቶ ልክ እንደዚያው ብሎ ቁልፍ ወስዷል፤ ረዳቴ። እሱንም ማንም ስሙን አልጠየቀውም። ሠርግ ላይ ነን፣ ሆቴሉ በእንግዳ ተጨናንቋል፣ ሰው በሰው ላይ ነው። ወሎ ላይ ደግሞ እንግዳን «ማን ነህ?» ብሎ ማስቆም ነውር ይመስላል። ልጁ የተጠቀመበት ይህንኑ ነው። ሲወርድ ቁልፉን መልሶ፣ አመስግኖ ሄደ። ሌንሱን ብቻ ነው የወሰደው። ከረጢቱን ትቶ ቦርሳው እንዳይጎድል ማድረጉ ብልጠት ነው፤ አንስተነው ብንሄድም እንዳንነቃ። ካሜራዎቹ ከእኛ ጋር ስለነበሩ ተረፉ። የሠርጉን ፎቶ የያዙት ካርዶችም አንገቴ ላይ ባንጠለጠልኳት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ነበሩ። ሌንስ ሌላ ሌንስ ይተካዋል። የሰው ሠርግ ግን ድጋሚ አይደገስም።

ማክሰኞ ከሰዓት ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድን። እኔ፣ ሥራ አስኪያጁና አንድ የሰፈር ሽማግሌ። ቡና አፈላች። ብዙ አልተናገረችም። «ሌንስ የምትሉት ምን እንደሚመስል እንኳ አላውቀውም» አለች ስኒውን እያቀበለችኝ። «አብሽር፣ አልፏል። ግን የልጄ ደብተር መሬት ላይ ወደቀ።» ምን እንደምል ጠፋኝ። ቡናውን ሦስተኛው ድረስ ጠጣሁ። በማግስቱ ሥራዋ ላይ ተመለሰች። ፖሊስ ጣቢያ የሰጠሁትን ቃልም አስቀየርኩ።

ሌንሱ እንዴት ተመለሰ

ባለ ሌንሱ ጠንቃቃ ሰው ነው። የኪራይ ውሉ ላይ የሌንሱ መለያ ቁጥር ተጽፏል። ካሜራ ብዙ ጊዜ የራሱን መለያ ቁጥር በሚያነሳው ፎቶ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከድሮ ፎቶህ ላይ ልታገኘው ትችላለህ። የሌንሱን ግን ሁሉም ካሜራ አይመዘግብም። ቁጥሩ ሌንሱ አካል ላይ ነው የተጻፈው። ሌንሱ ሲሄድ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ለፖሊስ የምለው «ነጭ ነው፣ ረጅም ነው» ብቻ ነበር።

ቁጥሩን ያገለገለ ካሜራ በሚሸጥባቸው የቴሌግራም ገጾች ሁሉ ለጠፍነው። አዲስ አበባ ያሉ ሱቆችን በእግሬ ዞርኳቸው። ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሲል አንድ ባለ ሱቅ ደወለ። ሌንሱ በሦስተኛ ሰው እጅ ሊሸጥ መጥቷል፤ ቁጥሩ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የፖሊስና የፍርድ ቤት ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ሌንሱ ግን ተገኘ ማለት እጄ ገባ ማለት አይደለም። ኤግዚቢት ሆኖ ተቀመጠ። ባለ ሌንሱም ኪራይ መቁጠሩን አላቆመም፤ ለምኜ በግማሽ አስቀነስኩት። አጎቴ በየሳምንቱ እየደወሉ «ልጄ፣ ዋስነቴ ከምን ደረሰ?» ይሉኛል። ሲመለስ አንድ ጭረት ብቻ ነበረበት። የተጎዳው የእኔ ኪስ ነው።

ኢንሹራንስስ? ለስቱዲዮዬ የስርቆት ዋስትና ነበረኝ። ውሉን አውጥቼ ሳነበው ሁለት ነገር ገጠመኝ። አንደኛ፣ የሚሸፍነው ስቱዲዮው ውስጥ ያለን ዕቃ ነው። ሁለተኛ፣ በር ወይም መስኮት ተሰብሮ የመግባት ምልክት ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ቃል ብዙ የስርቆት ዋስትና ውል ውስጥ አለ። የእኛ በር ደግሞ ጭረት የለበትም፤ በቁልፍ ነው የተከፈተው። ከቦታ ቦታ ለሚዞር ዕቃ ኦል ሪስክ የሚባል ሌላ ዓይነት ውል አለ። አሁን ያንን ነው የገባሁት። ስትገቡ ግን «መኪና ውስጥ ስተወው፣ ሆቴል ስተወው፣ የተከራየሁት ሲሆን» ብላችሁ እየነጣጠላችሁ ጠይቁ።

ሆቴሉን ልክሰስ ብዬም ጠበቃ ጓደኛዬን አማክሬ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሆቴልና እንግዳ ውል የሚናገር ክፍል አለው። የጓደኛዬ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን አንድ ነበር፦ «ዕቃውን ለሆቴሉ አስረክበሃል ወይስ ክፍል ውስጥ ትተኸዋል?» ትቼዋለሁ አልኩ። ፊቱን ሳየው ነገሩን ተውኩት።

አሁን እንዴት ነው የምሠራው

ሆቴል ስገባ መጀመሪያ የማየው አልጋውን አይደለም፤ የቁልፍ ማስቀመጫውን ነው። ቁልፎቹ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ሰሌዳ ላይ የተሰቀሉ ከሆነ፣ ቁልፉን ከእንጨቱ ፈትቼ ይዤው እዞራለሁ። እንጨቱን ለእነሱ እተውላቸዋለሁ። ሠራተኞቹ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። መተው ግድ ከሆነ ደግሞ «ከእኔ በቀር ለማንም፤ ወንድሙ ነኝ ቢል እንኳ» ብዬ ለተረኛው በስሜ እነግረዋለሁ። ተረኛው ሲቀየር እንደገና እነግራለሁ። ረዳቴም ራሱን ያስተዋውቃል።

ክፍሉ እንዳይጸዳ አደርጋለሁ። ይህ በጽዳት ሠራተኞች ላይ ጥርጣሬ ስላለኝ አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው፤ ማንም ካልገባ ማንም አይጠረጠርም። አንሶላ ሲያስፈልገኝ እኔው እያለሁ ይቀየራል።

ሴፍ ቦክሱን አሁንም እፈትሸዋለሁ። ታስሮ ከሆነ ፓስፖርት፣ ጥሬ ገንዘብና ሁለተኛውን የፎቶ ቅጂ አስቀምጥበታለሁ። ሌንስ አላስቀምጥበትም። ሌንሱ ብቻውን ቢገባ እንኳ ካሜራዎቹ ውጭ ይቀራሉ፤ ዕቃዬን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለዋናው ቁጥር ባለቤት ማስረከብ ነው የሚሆነው። ከእኔ ጋር የማልወስደውን ነገር ጠንካራ ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ፣ ሻንጣውን በብረት ገመድ ከአልጋው ብረት ወይም ከማይነቀል ቧንቧ ጋር አስረዋለሁ። መቁረጫ ይዞ የመጣን ሌባ ይህ አያቆመውም። በሁለት ደቂቃ ገብቶ ሊወጣ የመጣውን ግን ያቆመዋል፤ የእኛው ልጅ መቁረጫ አልያዘም ነበር።

ሻንጣውም የካሜራ ሻንጣ አይመስልም። የካሜራ ስም በትልቁ የተጻፈበት ቦርሳ ነበረኝ፤ ጽሑፉን በክር ሰፋሁበት። አሁን የደላላ ቦርሳ ነው የሚመስለው።

ውድ ዕቃ ለአንድ ቀን ሙሉ መተው ካለብኝ ለሥራ አስኪያጁ በእጅ አስረክባለሁ። ዝርዝሩን ከነመለያ ቁጥሩ በሁለት ቅጂ እጽፋለሁ፤ ሁለታችንም እንፈርማለን። አንዳንዱ «እኛን አታምነንም እንዴ?» ብሎ ቅር ይለዋል። «ጋሼ፣ ራሴን ነው የማላምነው» እላለሁ። እውነቴን ነው።

አልጋ ላይ የመዘርጋቱን ነገር አልተውኩትም። በሩ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ማታ ማታ። ፎቶ አነሳዋለሁ፤ የትም ግን አልለቀውም። ጠዋት ስንወጣ ከፎቶው ጋር አስተያይተን እንቆጥራለን። ስንመለስም እንዲሁ። አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ያን እሑድ ማታ ብቆጥር ኖሮ ልጁ ገና ከተማው ውስጥ ነበር። ሶኬት ካነሰም ማከፋፈያ ይዤ እሄዳለሁ እንጂ ኮሪደር ላይ አልሰካም።

ሆቴል የሌለበት ቦታ ደግሞ አለ። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም የወጣ ያውቀዋል፤ ሜዳ ላይ ነው የሚታደረው። እዚያ ቦርሳው ትራስ ነው፣ ማንገቻው ክንዴ ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚያድረው። የሚገርመው እዚያ እስካሁን ምንም አልጠፋብኝም።

በቀደም ለሌላ ሥራ ደሴ ሄድኩ። ያው ሆቴል ገባሁ። ብዙ ነገር ተቀይሯል። የመዝጋቢው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ተስተካክሎ አጠገቡ በእስክሪብቶ «የሀበሻ ሰዓት» ተብሎ ተለጥፏል። ሪሴፕሽን ላይ የቁልፍ መዝገብ አለ፤ የወሰደ ይፈርማል። የሪሴፕሽኑ ልጅም አዲስ ነው።

በልማዴ ቁልፉን ፈትቼ ልይዝ ስል «አይቻልም» አለኝ ልጁ። ተውኩለት። ማታ ተመልሼ «207» አልኩት።

«መታወቂያ።»

«ክፍል ውስጥ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ቁልፉን መስጠት አልችልም።»

«ወንድሜ፣ ጠዋት ራስህ አይደለህ የተቀበልከኝ?»

«ልክ ነው። ግን ሕግ ነው። እዚህ በፊት የሆነ ነገር ነበር አሉ፤ ካሜራ ማን ነኝ ያለ ልጅ መጥቶ…»

ታሪኬን ለእኔው መተረክ ሲጀምር በደረጃው በኩል ያቺው ሴት ባልዲዋን ይዛ ወረደች። ልጁ ጠራት። «እትዬ፣ ይሄን ሰው ታውቂዋለሽ?»

ባልዲውን አስቀመጠች። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ጊዜ ወሰደች።

«እንጃ» አለች። «እስቲ መጀመሪያ ቦርሳው ይፈተሽ።»